የማኑቴ ቦል ደመወዝ

የካርቱሙ ዐማራት ከአየር ማረፊያው ጋር የሚጎራበት ሰፈር ነው። መንገዶቹ በአብዛኛው በቁጥር ነው የሚጠሩት። ኤምባሲው፣ የውጭ ድርጅቱ ቢሮና ባለጠጋው ነጋዴ በረጃጅም አጥር ውስጥ ከተው ኖረውበታል። ከአጥሩ ውጭ ግን ሌላ ሕይወት ነበር። ጎኑ ካለው ከዴም ሰፈር የሚመጡ ሐበሾች በየቤቱ ተቀጥረው ይሠሩ ነበር፤ ሌሎቹ ምግብ ቤት ከፍተዋል፣ ቡና ያፈላሉ። ጦርነት ከደቡብ ያፈናቀላቸው ዲንካዎች፣ ኑዌሮችና ሽሉኮች ደግሞ በር ይጠብቃሉ፣ ግንብ ይገነባሉ፤ ሲመሽ ከተማው ዳር ወዳለው የጭቃ ጎጇቸው ይመለሳሉ። በመተማ ተሻግሮ ካርቱም ውስጥ እንጀራ የፈለገ ኢትዮጵያዊ እነዚያን ረጃጅም ሰዎች አይረሳቸውም። እሱ ሰው አገር ነው። እነሱ ግን እንግዳ ሆነው የሚኖሩት በገዛ አገራቸው ዋና ከተማ ነበር።

በ1990ዎቹ መጨረሻ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከእነዚህ ደቡባውያን ሁሉ የሚረዝም አንድ ሰው ካርቱም ውስጥ ይኖር ነበር። ቁመቱ 2 ሜትር ከ31 ሴንቲ ሜትር ነው። ማኑቴ ቦል ይባላል። በዓለም ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ ለ10 የውድድር ዘመናት ተጫውቶ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ተከፍሎት ነበር የተመለሰው። ጥቂት ቆይቶ ሊጠይቁት ቤቱ የሄዱ የውጭ ጋዜጠኞች ያገኙት ግን ሌላ ሰው ነበር፤ መገጣጠሚያው በቁርጥማት የታሰረ፣ የቤት ዕቃውን እየሸጠ የሚያድር አባወራ።

ቁማር አልተጫወተም፤ በመኪናና በቪላ ብዛትም አልከሰረም። የገንዘቡን ነገር ለመረዳት የተጫዋችነት ዘመኑን ከሥሩ መከተል ያስፈልጋል።

ከብት ጠባቂው

ማኑቴ የተወለደው ዛሬ ደቡብ ሱዳን በሆነችው አገር፣ በቱራሌይ አካባቢ፣ ከዲንካ ቤተሰብ ነው። በወረቀት የሰፈረው የልደት ቀኑ ጥቅምት 16 ቀን 1962 ነው፤ ቀኑን ግን እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር ሰው አልነበረም። በዚያ አገር ልጅ የሚቆጠረው በዓመት ሳይሆን በዕድገቱ ነው፤ የእሱ ዕድገት ደግሞ አልቆም አለ። እናቱም እህቱም ከ2 ሜትር በላይ ነበሩ። ቅድመ አያቱ ከእሱም ይረዝሙ እንደነበር ያወራ ነበር። ትምህርት ቤት አልገባም። ከብት ይጠብቅ ነበር፤ አንድ ጊዜ አንበሳ በጦር መግደሉን በኋላ ለአሜሪካ ጋዜጠኞች ሲተርክ፣ ጋዜጦቹ ከጨዋታው ይልቅ ያንን ታሪክ ደጋግመው አተሙት።

መጀመሪያ የሞከረው እግር ኳስ ነበር፤ ቁመቱ አላስኬድ ሲለው ተወው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የአጎቱ ልጅ ቅርጫት ኳስ ሞክር ብሎ አግባባው። ዋው ከተማ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ኳሷን ከላይ ወደ ታች ሊከት ሲዘል አፉ መረቡ ላይ ተያዘና ጥርሱ ተሰበረ፤ ይህንንም እየሳቀ ነበር የሚያወራው። ከዋው ወደ ካርቱም አቀና። እዚያ ለክለብ ተጫወተ፣ ለሱዳን ብሔራዊ ቡድንም ተመረጠ። የሰሜኑ ሰው ለደቡቡ ያለውን ንቀት በዓይኑ ያየውም እዚያው ነው።

ሱዳን በዚህ ስፖርት ባዶ አገር አልነበረችም። በ1962 ካይሮ ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው የአፍሪካ ሻምፒዮና ሁለተኛ ወጥታለች። ካርቱም ውስጥ ደቡባውያን ወጣቶች ከሚሰባሰቡባቸው ቦታዎች አንዱ በአየር ማረፊያው መንገድ፣ ከዐማራት ብዙም ሳይርቅ የነበረው የካቶሊክ ክለብ ነው። ክለቡን በ1990ዎቹ መጨረሻ መንግሥት ወርሶ ለገዢው ፓርቲ ጽሕፈት ቤት አደረገው። ስፖርትና ፖለቲካ በዚያች ከተማ የአንድ ቅጥር ጎረቤታሞች ነበሩ፤ ማኑቴም ይህን ሊማረው ብዙ አልቆየም።

1 ሜትር ከ57 የሚለው ፓስፖርት

በ1982 ዶን ፊሊ የሚባል አሜሪካዊ አሠልጣኝ የሱዳንን ቡድን ሊያሠለጥን ካርቱም መጣ። ሜዳ ላይ ያየውን ሰው ዓይኑ ማመን አልቻለም። ወደ አሜሪካ እንዲሄድ ገፋፋው፤ ለሚያውቃቸው የአሜሪካ አሠልጣኞችም ነገራቸው። በ1983 የሳንዲያጎ ክሊፐርስ ቡድን በድራፍት፣ ማለትም ክለቦች በተራ አዳዲስ ተጫዋቾች በሚመርጡበት ሥርዓት፣ በ97ኛ ተራ ስሙን ጠራ። ሊጉ ግን ምርጫውን ሻረው፤ ምዝገባው ሥርዓቱን አልተከተለም ተባለ። ፓስፖርቱም ችግር ነበረበት። ቁመቱን 1 ሜትር ከ57 ይላል። ስንቀመጥ ነው የለኩን እያለ ማኑቴ ይቀልድ ነበር።

እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ማንበብም መጻፍም አልተማረም። ክሊቭላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ወስዶ ቋንቋ አስጀመረው፤ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ግን ያ ቆይታ አበቃ። ዩኒቨርሲቲው በኋላ ለአፍሪካውያን ተጫዋቾች ከደንብ ውጭ ድጋፍ ሰጥቷል ተብሎ ተቀጥቷል። ከዚያ በ1984 ኮነቲከት ውስጥ ያለው ትንሹ የብሪጅፖርት ዩኒቨርሲቲ ተቀበለው። ብሪጅፖርት የሚጫወተው በሁለተኛው ምድብ ነው፤ አዳራሹም ከ2,000 ሰው በታች የሚይዝ ነበር። ማኑቴ ሲመጣ ግን ትኬት የሚገኝ አልሆነም። በዚያች አንዲት ዓመት በአማካይ በየጨዋታው 22.5 ነጥብ አስቆጠረ፣ ከ7 በላይ ሙከራዎችንም መለሰ።

ዲግሪውን ሳይጨርስ በ1985 ጸደይ ወደ ደመወዝ ዞረ። የመጀመሪያው የባለሙያ ማሊያው በዚያው ዓመት የተቋቋመ የበጋ ሊግ ውስጥ የነበረው የሮድ አይላንድ ገልስ ነው። እዚያ ከጎኑ የተሰለፈው 1 ሜትር ከ68 የሆነው ስፐድ ዌብ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ ዋሽንግተን ላይ ደግሞ 1 ሜትር ከ60 የሆነው መግሲ ቦግስ የቡድን ጓደኛው ሆነ፤ በኤንቢኤ ታሪክ አጭሩ ተጫዋች ማለት ነው። ፎቶ አንሺዎች ሁለቱን ጎን ለጎን እያቆሙ ፊልም ጨረሱ። ባለክለቦቹ ኳስ ተጫዋችም ትርኢትም ነበር የቀጠሩት። ማኑቴ ይህን ያውቅ ነበር፤ እየሳቀ ፎቶ ይነሳል፣ ደመወዙን ይቀበላል።

ሳይዘል የሚደርስ እጅ

ዋሽንግተን ቡሌትስ በ1985 ድራፍት በ31ኛ ተራ መረጠው። ናይጄሪያዊው ሃኪም ኦላጁዎን ሂዩስተን ላይ ከጀመረ ገና አንድ ዓመቱ ነበር፤ ኮንጎያዊው ዲኬምቤ ሙቶምቦ የመጣው በ1991 ነው። ለአፍሪካ ልጅ መንገዱ ገና አልተጠረገም። ማኑቴ ክብደቱ 91 ኪሎ አካባቢ ብቻ ስለነበረ፣ ቀለበት ሥር የሚታገሉት ጡንቻማ ሴንተሮች በክርናቸው ይሰብሩታል ብለው የገመቱ ብዙዎች ነበሩ።

የተሳሳቱት ቁጥር ባለማስላታቸው ነው። የቅርጫቱ ቀለበት ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ማኑቴ እግሩ መሬት ሳይለቅ እጁን ሲያነሳ 3 ሜትር ከ18 ይደርሳል። ሁለቱ እጆቹ ተዘርግተው ከጫፍ ጫፍ 2 ሜትር ከ59 ነበሩ። ሌላው ተከላካይ ኳስ ለመመለስ መዝለል አለበት፤ ለመዝለል መገመት አለበት፤ ሲገምት ይታለላል። አጥቂው አስመስሎ ያዘልለውና ሲወርድ ጠብቆ ይጥልበታል። ማኑቴ አይዘልም፤ ስለዚህ አይታለልም። ቆሞ ይጠብቃል፤ ኳሷ ከአጥቂው እጅ ስትለቅ እጁን ይልካል። ጊዜውን ግን አጥርቶ ማወቅ ነበረበት፤ ኳሷ ቁልቁል መውረድ ከጀመረች በኋላ መንካት በሕጉ ክልክል ነው፤ ነጥቡ እንደገባ ይቆጠራል። ያን ቅጽበት ለማወቅ ደግሞ ቁመት ብቻውን አይበቃም።

በመጀመሪያ ዓመቱ 397 ሙከራዎችን መለሰ። ለጀማሪ ተጫዋች እስከ ዛሬ ያልተሰበረ ክብረ ወሰን ነው። ከዚያ በላይ በአንድ የውድድር ዘመን የመለሰው የዩታው ማርክ ኢተን ብቻ ነው፤ 456። ማኑቴ በአንድ ጨዋታ 15 ኳስ የመለሰበት ቀንም አለ፤ ያውም ሁለት ጊዜ። በቁጥር የማይመዘገበው ደግሞ ይበልጣል። የተቃራኒ ቡድን ልጆች ወደ ቀለበቱ ሰብረው ከገቡ በኋላ ቀና ሲሉ ያዩትና ኳሷን ይዘው ወደ ውጭ ይመለሱ ነበር።

በ1988 ወደ ጎልደን ስቴት ተዛወረ። አሠልጣኙ ዶን ኔልሰን ያልተለመደ ነገር የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ይህን ግዙፍ ሰው ከሩቅ፣ ከባለ 3 ነጥቡ መስመር ውጭ ሆነህ ወርውር አሉት። ሁለት እጁን ከአናቱ በላይ አድርጎ፣ ልክ የእግር ኳስ ተጫዋች ከመስመር ውጭ ኳስ እንደሚወረውር ነበር የሚለቃት። ያን ዓመት 20 አስገባ፤ በመመለስም ከሊጉ አንደኛ ሆነ። ከሁሉ የሚታወሰው ግን መጋቢት 3 ቀን 1993 ለፊላደልፊያ ሲጫወት ፊኒክስ ላይ ያደረገው ነው። በሁለተኛው አጋማሽ ስድስት ባለ 3 ነጥብ ኳሶችን አገባ። የመጀመሪያዎቹ ሲገቡ ተመልካቹ ሳቀ፤ እየደጋገመ ሲያገባ የተቃራኒው ቡድን ደጋፊ ራሱ ማኑቴ ኳስ በያዘ ቁጥር “ወርውር!” እያለ ይጮህ ጀመር።

እስከ 1995 ድረስ በኤንቢኤ 624 ጨዋታዎችን አደረገ፤ 1,599 ነጥብ አስቆጠረ፣ 2,086 ሙከራዎችን መለሰ። በሊጉ ታሪክ ይህን ያህል ተጫውቶ፣ ካስቆጠረው ይልቅ የመለሰው የሚበልጥ ሌላ ተጫዋች የለም።

ገንዘቡ የሄደበት

ማኑቴ አሜሪካ በገባበት በ1983 አገሩ ውስጥ ጦርነት ተቀሰቀሰ። ቦር ላይ የደቡብ ወታደሮች አመፁ፤ በጆን ጋራንግ የሚመራው አማፂ ጦር ኤስፒኤልኤ ተመሠረተ። ፕሬዚዳንት ኒሜሪ በዚያው ዓመት የሸሪዓ ሕግ አወጁ። የዚህ ጦርነት ግማሽ ታሪክ የኛም ነው። ደርግ ለአማፂው ጋምቤላ ውስጥ የጦር ሰፈር ሰጠው፤ የአማፂው ሬዲዮ ከኢትዮጵያ ምድር ያሰራጭ ነበር፤ በኢታንግና በፉኝዶ ካምፖች በመቶ ሺህ የሚቆጠር የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ተጠልሎ ኖረ። በ1991 ደርግ ሲወድቅ ያ ሁሉ ሕዝብ ድንበሩን ተሻግሮ ተመልሶ ወደ እሳቱ ገባ።

ማኑቴ ዋሽንግተንና ፊላደልፊያ ሆኖ ይህን ይሰማል። የቱራሌይ አካባቢ ሚሊሻዎች ከብት የሚዘርፉበት፣ ሰው የሚያግቱበት ቀጠና ሆኗል፤ በርካታ ዘመዶቹም አልቀዋል። ውጭ አገር ደመወዝተኛ የሆነ ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ተጀመረ፤ ስልኩ ጧት ማታ ይጮኻል። ለአንዱ መታከሚያ፣ ለአንዱ መሸሻ፣ ለአንዱ ቀብር። ማኑቴ ግን በዘመድ አላቆመም። ለስደተኛ እርዳታ ሰጠ፤ ለአማፂው ንቅናቄም ሰጠ፤ ዋሽንግተን ውስጥ በየፖለቲከኛው ቢሮ እየዞረ የአገሩን ጉዳይ አስረዳ። በጠቅላላው ለሱዳን ያወጣው 3.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚደርስ ተገምቷል። የቡድን ጓደኛው ቻርልስ ባርክሌይ እንደዚህ ያለ ደግ ሰው አላየሁም እያለ ዕድሜ ልኩን መስክሮለታል።

ከኤንቢኤ ከወጣ በኋላ በአሜሪካ አነስተኛ ሊጎችና በጣሊያን ትንሽ ሞከረ፤ ጉልበቱ ግን እምቢ አለ።

መውጫ ቪዛ

በ1997 የካርቱም መንግሥት ከተወሰኑ የደቡብ አንጃዎች ጋር የሰላም ስምምነት ፈረመ። ማኑቴ አመነ፤ ሲረዳው ከኖረው ጦርነት ይልቅ ሰላሙን ልሞክር ብሎ ካርቱም ገባ። ዋናው የኤስፒኤልኤ ክንፍ በስምምነቱ ስላልነበረ ለአንዱ ወገን ከዳተኛ መሰለ። መንግሥትም አላመነውም፤ ለአማፂው ገንዘብ ሲልክ የኖረ ሰው ነው። በ1998 እሱ በተወለደበት በባህር ኤል ጋዛል ከባድ ረሃብ ገባ። ሰላሙ ወረቀት ላይ ቀረ።

በ2001 መንግሥት የስፖርት ሚኒስትር ሁን አለው። ሹመቱ ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ እስልምናን ይቀበል። ክርስቲያን ነኝ፣ አልችልም አለ። ከዚያ ወዲያ በሩ ተዘጋበት። ሱዳን ውስጥ የኖረ ሐበሻ “ታሺራ ኹሩጅ” የሚባለውን የመውጫ ቪዛ ያውቀዋል፤ እሱ ካልተመታልህ አውሮፕላኑ ዓይንህ እያየ ይነሳል። ለዐማራት ጎረቤት ከሆነው አየር ማረፊያ በየቀኑ ሰው ይበራል፤ የዓለምን አጥቂዎች ሲመልስ የኖረው ሰው ግን መሄጃ አጥቶ ተቀመጠ። አማፂን ትደግፋለህ የሚል ክስ፣ ገንዘብ አምጣ የሚል ጥያቄ ተከታተለው። የሚሰጠው ግን አልነበረውም።

አሜሪካ ያሉ ወዳጆቹ፣ ሴናተር ጆ ሊበርማን ጭምር፣ ተረባርበው ከነቤተሰቡ ወደ ካይሮ አወጡት። ካይሮ ላይ ለስድስት ወር ወረቀት ጠበቀ። በ2002 አሜሪካ የገባው እንደ ማንኛውም ስደተኛ ተመዝግቦ ነው።

የዚያን ሰሞን ሥራው ያስቃል፣ ያሳዝናልም። በቴሌቪዥን ትርኢት ከቀድሞው ግዙፍ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ከዊሊያም ፔሪ ጋር ቦክስ ገጠመ፤ አሸነፈም። የበረዶ ሆኪ ቡድን ማሊያ ለበሰ፤ ቀጥሎም የፈረስ ጋላቢነት ፈቃድ አወጣ። ለቦክሱ የጠየቀው ነገር ነበር፤ የሱዳን ልጆችን የሚረዳው ድርጅቱ ስልክ ቁጥር በስክሪኑ ይውጣ። ወጣለት። ያንኑ ቁመት እንደገና እየሸጠ ነበር፤ ልዩነቱ አሁን የሚያወጣው ዋጋ ማነሱ ብቻ ነው።

በ2004 ኮነቲከት ውስጥ የታክሲ አደጋ አንገቱን ሰበረው። ዳነ። የመጨረሻ ዓመታቱን ለትምህርት ቤት ሥራ ሰጠ፤ ሐሳቡ በደቡብ ሱዳን 41 ትምህርት ቤቶች ማቋቋም ነበር። በቱራሌዩ ግንባታ ከዳርፉር የመጡ ሙስሊሞች ከዲንካ ክርስቲያኖች ጋር አብረው ሠሩ፤ እንዲህ እንዲሆን የፈለገው እሱ ራሱ ነው። በ2010 ለሱዳን ምርጫ አገሩ ገብቶ ታመመ፤ ሰኔ 19 ቀን ቨርጂኒያ ውስጥ በኩላሊት ድክመትና በከባድ የቆዳ ሕመም አረፈ። ዕድሜው 47 ተብሎ ተጻፈ። ቱራሌይ ተቀበረ። አገሩ ነጻነቷን ያወጀችው ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 2011 ነው።

ሂሳቡ ሲወራረድ

እንግዲህ ያ ሁሉ ደመወዝ ምን ገዛ? ለአማፂው የተሰጠው ነጻ አገር አስገኘ ማለት ይቻላል። ያቺ አገር ግን ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላት እርስ በርሷ ተዋጋች። ለሰላሙ ብሎ ካርቱም ላይ የከፈለው መና ቀረ። ካርቱምም ራሷ ሚያዝያ 2023 ተራዋ ደረሰ፤ ጦርነቱ በፈነዳ ሰዓት ከመጀመሪያዎቹ ዒላማዎች አንዱ አየር ማረፊያው ነበር። ዐማራት ተኩስ መሐል ገባ፣ ቤቱ ተዘረፈ፤ ነዋሪው ወጣ። ሐበሾቹም ብዙዎቹ በመተማ በኩል በመጡበት መንገድ ተመለሱ።

አንድ ነገር ግን ፍሬ አፈራ፤ እሱም ገንዘብ ያልወጣበት ነው። ማኑቴ ገና ተጫዋች ሳለ ግብፅ ውስጥ ከአንድ የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ቤተሰብ ጋር ተወዳጅቶ ልጆቹን ቅርጫት ኳስ አስተማረ። ከልጆቹ አንዱ ሉኦል ዴንግ ይባላል። ያ ልጅ አድጎ ቺካጎ ቡልስ ገባ፤ ሁለት ጊዜ ለኤንቢኤ ኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ። ጡረታ ሲወጣ የደቡብ ሱዳንን የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ተረከበና የብሔራዊ ቡድኑን ሆቴል፣ የአውሮፕላን ቲኬትና የሜዳ ኪራይ ከኪሱ እየከፈለ አቆመው።

ያ ቡድን በ2023 በዓለም ዋንጫ ከአፍሪካ አንደኛ ሆኖ ለኦሊምፒክ አለፈ። ሐምሌ 20 ቀን 2024 ለንደን ላይ በወዳጅነት ጨዋታ ሌብሮን ጄምስ ያለበትን የአሜሪካ ቡድን እስከ መጨረሻዎቹ ሴኮንዶች አስጨንቆ 101 ለ100 ተሸነፈ። ከስምንት ቀን በኋላ በኦሊምፒኩ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 ረታ። ከዚያ ጨዋታ በፊት አዘጋጆቹ ተሳስተው የሱዳንን መዝሙር፣ የካርቱምን መዝሙር ለቀቁባቸው፤ ተመልካቹ እስኪስተካከል ድረስ በጩኸት ተቃወመ። የማኑቴ የራሱ ልጅ ቦል ቦል ደግሞ በዚያ በችግሩ ዘመን፣ በ1999 ካርቱም ውስጥ ተወልዶ፣ በ2019 የአባቱን ሊግ ተቀላቀለ።

ሉኦል ዴንግ ያደረገው ማኑቴ ያደረገውን ነው፤ ደመወዙን ለአገሩ ሰጠ። ልዩነቱ የሰጠበት ቦታ ነው። ማኑቴ ከገንዘቡ ለጦርና ለፖለቲካ አለቆችም ሰጠ፤ እነሱ ግን ሂሳብ አላስረከቡትም። ዴንግ የሰጠው ሥራውን አብጠርጥሮ በሚያውቀው መስክ፣ እያንዳንዱ ቲኬት ማንን እንደሚያሳፍር በሚታይበት ነው። ያን መስክ ያሳየው ግን ማኑቴ ነበር። ስለዚህ “ማኑቴ ቦል ከስሮ ሞተ” የሚል ሰው ሂሳቡን የሠራው በአንድ ሰው ኪስ ብቻ ነው።